ማኅሌታይ ያሬድና የቆሰለው እግር

ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የግማሽ ቀን መንገድ በእግሩ የተጓዘ ሰው ገነተ ማርያም ይደርሳል። ስሟን ብቻ የሰማ ሰው ለምለም የአትክልት ቦታ ትመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን ገነተ ማርያም ከቀላ ቋጥኝ ተፈልፍላ የወጣች፣ ዙሪያዋንም አራት ማዕዘን በሆኑ ዐምዶች የተከበበች ቤተ ክርስቲያን ናት። የታነጸችው ከ1262 እስከ 1277 ዓ.ም. በነገሠው በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ሲሆን፣ የንጉሡ ሥዕል ከቅዱሳኑ ሥዕሎች ጋር በውስጥ ግድግዳዋ ላይ ይገኛል።

እኛ ወደዚያች ስፍራ የወጣነው ለማርያም በዓል ነበር። ሌሊቱን ለማኅሌት ከቆሙት ሰዎች መካከል ዓይናችን በአንድ ሽማግሌ ላይ ዐረፈ። ቀኝ እጃቸው በአሮጌ የነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ በደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ በግራ እጃቸው መቋሚያ ይዘዋል። ከሁለት ቀን በፊት እሳት ላይ ወድቀው እጃቸው ክፉኛ ተቃጥሎ እንደ ነበር የሰማነው በኋላ ነው። ከበሮው ቀስ እያለ ሲጀምር እሳቸውም ቀስ እያሉ፣ ዜማው ሲፈጥን እሳቸውም እየፈጠኑ፣ ከደብተሮቹ ጋር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ ዐደሩ። እኛ ወጣቶቹ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በላስታ ብርድ ተሸንፈን፣ በጋቢ ተጠቅልለን ዐምድ ስንደገፍ ሽማግሌው አልተቀመጡም። ጎሕ ቀድዶ ጸናጽሉ ዝም ባለ ጊዜ ግን ፊታቸው ጭምድድ አለ፤ የታመመ እጃቸውን አቅፈው ከደረጃው ላይ ቁጭ አሉና ማቃሰት ጀመሩ። ሌሊቱን ሕመሙ ወዴት ሄዶ እንደ ነበር ብንጠይቃቸው፣ የያሬድ እግርስ በዚያች ቀን ወዴት ሄዶ ነበር ብለው እኛኑ መልሰው ጠየቁን።

ጥያቄው እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተከተለን። የዛሬውን ጽሑፍ ያስጀመረንም እርሱ ነው።

ያሬድን በስሙ የማያውቅ ተማሪ ይገኛል ብለን አናስብም። አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የሚጠራ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ የትሉንና የዛፉንም ነገር ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ሆኖም ብዙዎቻችን ታሪኩን የምናስታውሰው እስከ ትሉ ድረስ ብቻ ነው። ምናልባት መምህራን ሰነፍ ተማሪን ለመገሠጽ የሚጠቅማቸው ያ ክፍል ስለ ሆነ ይሆናል።

ትውፊቱ እንደሚለው ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱ ይስሐቅ፣ እናቱ ክርስቲና ይባሉ ነበር። ገና ልጅ ሳለ አባቱ ስለ ሞተበት እናቱ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን እንዲያስተምረው ሰጠችው። ልጁን ግን መዝሙረ ዳዊት አልገባ አለው። መምህሩ ደጋግሞ ገረፈው፤ ልጁም ግርፋቱ ሲበዛበት ጠፍቶ ሄደ። እንግዲህ ያሬድ ከሕመም ጋር የተዋወቀው በንጉሥ ጦር ሳይሆን በመምህር አለንጋ ነው ማለት ይቻላል። ከዛፍ ሥር ተጠልሎ ሳለ አንዲት ትል ግንዱን ለመውጣት ስድስት ጊዜ ሞክራ ስድስት ጊዜ ስትወድቅ፣ በሰባተኛው ጊዜ ግን ወጥታ ፍሬውን ስትበላ አየ። ተመልሶ መምህሩን ይቅርታ ጠየቀ፤ በአጭር ጊዜም ብሉይንና ሐዲስን ተምሮ ዲያቆን ሆነ።

ከያሬድ በፊት ጸሎቱና ምስጋናው በለሆሳስ ይደርስ ነበር እንጂ በከፍተኛ ድምፅ የሚዜምበት ሥርዓት እንዳልነበረ ስንክሳሩ ይናገራል። ከኤዶም ገነት የመጡ ሦስት አዕዋፍ በሰው አንደበት አነጋግረው ያሬድን ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም እንደ ወሰዱት፣ በዚያም ከሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ ዜማን እንደ ተማረ ይተረካል። ወደ ምድር በተመለሰ ጊዜ በሦስት ሰዓት ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ ድምፁን አሰማ። ንጉሡ ዐፄ ገብረ መስቀልና ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱና ካህናቱ፣ ሕዝቡም ሁሉ ሮጠው መጡ፤ ሲያዳምጡትም ዋሉ። አንድ ከተማ ሥራውን ጥሎ የሚሮጠው ብዙውን ጊዜ ለእሳት ወይም ለጠብ ነው፤ ለዜማ የሮጠ ከተማ ከዚህ በቀር አላነበብንም።

ያሬድ ዜማውን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ በሦስት ከፈለው። ግዕዝ ጠንከርና ቀጥ ያለ ነው፤ ዕዝል ረገብ ብሎ ከበድ ይላል፤ አራራይ ስሙ እንደሚያመለክተው ልብን ያራራል። ለክረምትና ለበጋ፣ ለጾምና ለፋሲካ፣ ለደስታና ለኀዘን የሚስማማውን ዜማ ለየራሱ መደበ። አንድ ዓይነት ድምፅ ለሁሉ ሰው በሁሉ ጊዜ እንደማይበጅ ዐውቆ ነበር ማለት ነው። ሐኪም መድኃኒትን እንደ በሽታውና እንደ ሰውየው እየለየ እንደሚያዝ ሁሉ፣ ያሬድም የልብን ሁኔታ እየለየ ዜማ ያዝዝ ነበር።

ስለ ያሬድ የሚተርኩት መጻሕፍት ከእርሱ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይተው የተጻፉ ስለ ሆኑ፣ የታሪክ ሊቃውንት ነገሩን ሁሉ እንደ ዐይን ምስክር ቃል አይቀበሉትም። እኛም እንደ ሐኪም ቤት መዝገብ አንወስደውም። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ለብዙ ትውልድ ሲተርከው የኖረ ነገር፣ ያ ሕዝብ ስለ ሰው አካልና ስለ ዜማ ምን እንደ ታዘበ ይነግረናል። ሽማግሌው የጠየቁንም ክፍል እንዲህ ያለ ትዝብት ነው።

አንድ ቀን ያሬድ በንጉሡ እግር ሥር ቆሞ ይዘምር ነበር። ገብረ መስቀል የብረት ጦሩን ይዞ ያዳምጣል። ዜማው እየጠለቀ በሄደ መጠን ንጉሡም ራሱን እየረሳ በጦሩ ላይ ተደገፈ፤ የጦሩም ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ዐርፎ ሥጋውን ወግቶ ገባ። ደም ፈሰሰ። ንጉሡ አላየም፤ ያሬድም አልተሰማውም። ነገሩ የታወቀው ዜማው ካለቀ በኋላ ነው። ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለ፤ ስለ ፈሰሰውም ደም ካሣ ይሆን ዘንድ ያሬድ የፈለገውን ሁሉ እንዲጠይቀው ነገረው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ታሪኩ የሚለውንና የማይለውን ለይቶ ማየት፣ ይልቁንም ነገ በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ ለሚሠሩት ጓደኞቻችን፣ ጥቅም ያለው ይመስለናል። ታሪኩ ዜማው ቁስሉን ፈወሰው አይልም። ደሙን አቆመውም አይልም። እንዲያውም ዜማው ሲቀጥል ደሙም ይፈስ ነበር። ዜማው ያራቀው ሕመሙን ነው፤ ቁስሉ ግን ጦሩን የሚነቅል እጅ ይጠብቅ ነበር። ተአምር ለመጨመር ለፈለገ ተራኪ ቁስሉ በዚያው ሰዓት ደረቀ ብሎ መጻፍ ምን ያህል ቀላል እንደ ነበረ አንባቢያችን ያስብልን።

ደግሞም የተወጋው አድማጩ ሳይሆን ዘማሪው መሆኑን ልብ እንበል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርዱ ሊቅ ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ፣ ሲዘፍኑ፣ ሲጨፍሩና ከበሮ ሲመቱ የቆዩ ሰዎች ሕመምን የመቻል ዐቅማቸው ከፍ ብሎ እንዳገኙት፣ ሙዚቃን ዝም ብለው በሰሙት ዘንድ ግን ይህ ለውጥ እንዳልታየ ጽፈዋል። አካል ራሱ የሚያመነጨው ኢንዶርፊን የተባለው ማስታገሻ ምክንያቱ እንደሚሆን ይገምታሉ። በገነተ ማርያም ያየናቸው ሽማግሌ እንግዲህ ሰሚ ብቻ አልነበሩም፤ ሌሊቱን በሙሉ በእግራቸው፣ በጉሮሯቸውና በመቋሚያቸው ሲሠሩ ነው ያደሩት።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሊቃውንት፣ ሕመም ከቁስሉ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ አንጎል የሚገባ መልእክት ብቻ እንዳልሆነ አስረድተው ነበር። በኅብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር የሚከፈትና የሚጠብ ሥርዓት እንዳለ፣ አንጎልም ከላይ ሆኖ በሩን ለማጥበብ እንደሚችል አመለከቱ። የሐሳባቸው ዝርዝር ከዚያ ወዲህ ብዙ ታርሟል፤ ዋናው ነገር ግን ጸንቷል። ሰው ልቡ በሌላ ነገር ተይዞ ሳለ የተወጋው እግሩ ላይሰማው መቻሉ ለሕክምና ጥበብ ተረት አይደለም።

በ2015 ደግሞ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት 73 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ አወጣ። የተጠኑት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ወደ 7,000 የሚጠጉ በሽተኞች ናቸው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ በመካከሉ ወይም በኋላ ሙዚቃ የተሰማላቸው ሰዎች ሕመማቸውና ጭንቀታቸው ቀነሰ፤ የማስታገሻ መድኃኒት ፍላጎታቸውም አነሰ፤ በማደንዘዣ ተኝተው ሳሉ የተሰማላቸው እንኳ ተጠቅመዋል። ከሆስፒታል የሚወጡበት ቀን ግን አልፈጠነም። ይህን የመጨረሻ ቃል ስናነብ የያሬድ ጦር ትዝ አለን፤ ዜማው ለሕመሙ ደረሰለት፤ ቁስሉ ግን በራሱ ጊዜ ይድናል።

ሁለቱ ጥናቶች በአንድ ነገር የሚጋጩ ይመስላሉ፤ አንደኛው መስማት ብቻውን አልጠቀመም ሲል ሌላው መስማት ይጠቅማል ይላልና። እኛ እንደሚመስለን ልዩነቱ በሰዎቹ ላይ ነው። የፊተኞቹ ጤነኞች ነበሩ፤ የኋለኞቹ ግን ቢላ የሚጠብቃቸው ወይም የነካቸው በሽተኞች ናቸው። በሽተኛ ይፈራል፤ ፍርሃትም ሕመምን ያበዛል። ምጥ በያዛት ሴት ዙሪያ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ማርያም ማርያም እያሉ አብረዋት የሚያድሩት ስለ ኢንዶርፊን ሰምተው አይደለም፤ ብቻዋን እንዳትፈራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ወላድ የመረጠችው ሰው በምጧ ጊዜ አብሯት እንዲሆን መክሯል።

ዜማ ለሁሉ ይበጃል ብለን ግን አንሳሳት። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አንድ ሆስፒታል እንመላለስ ነበር። የሆስፒታሉን ስም አንጠራም። ከዘመዳችን አጠገብ ዳሌያቸው የተሰበረ አንድ መሪጌታ ተኝተው ነበር። ሌሊት ሕመሙ ሲነሣባቸው በዝግታ ድጓ ያዜማሉ፤ ሲያዜሙም ማቃሰታቸው ይቀራል። በማዶ የተኛው ጎልማሳ ግን እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ከሰሰ፤ ነርሷም መሪጌታውን ከለከለች። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት የሚሰማው የመሪጌታው የማስታገሻ መርፌ ልመና ሆነ። ጎልማሳው አልበደለም፤ እንቅልፍም መድኃኒት ነው። ነርሷም አልበደለችም፤ ሠላሳ አልጋ ብቻዋን ትጠብቃለች። ያጡት ነገር ቢኖር አንድ ትርፍ ክፍልና መሪጌታውን ወደዚያ ለአንድ ሰዓት ገፍቶ የሚያደርስ ሰው ነው። ለዚህ ደግሞ የውጭ አገር ብድር የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ወደ ያሬድ እንመለስ። ንጉሡ የፈለግኸውን ጠይቅ ባለው ጊዜ ያሬድ በመጀመሪያ እንዳይከለክለው አስማለው። ከዚያም ወርቅ አልጠየቀም፤ ርስትም አልጠየቀም። ከቤተ መንግሥቱ ተሰናብቶ እንዲመንን ጠየቀ። ንጉሡና መኳንንቱ አዘኑ፤ መሐላ ማፍረስ ግን አልተቻለምና ተሰናበተ። እኛ ገና ሥራ የያዝን ወጣቶች በእርሱ ቦታ ብንሆን ከንጉሡ ምን እንጠይቅ እንደ ነበር ለየራሳችን ብንተወው ይሻላል።

ከመሄዱ በፊት ወደ ጽዮን ገብቶ እመቤታችንን እያመሰገነ በዘመረ ጊዜ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አለ ይባላል። ሠዓሊዎቻችን ግን ብዙውን ጊዜ ይህን ትተው ጦሩን መሳል ይመርጣሉ። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉን አይተነዋል፤ ዘውድ የደፋ ንጉሥ በጦሩ ላይ ተደግፏል፤ ያሬድ ጸናጽልና መቋሚያ ይዟል፤ ሦስቱ አዕዋፍ በላይ ይታያሉ። ሠዓሊው ደሙን አይሸሽገውም፤ በቀይ ቀለም ጎላ አድርጎ ይስለዋል። የያሬድ ፊት ግን እንደ ወትሮው ነው። የታመመ ሰው በዚህ ሥዕል ፊት ቆሞ ምን እንደሚያስብ ሁልጊዜ ለማወቅ እንፈልጋለን።

ሥዕልን ለበሽተኛ ማቅረብ ደግሞ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ደብተሮች በብራና ላይ የሚጽፉትና ዐይን የበዛባቸው ሥዕሎች የሚስሉበት ጥቅል ክታብ፣ ከራስ ጠጕሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው ተብሎ ርዝመቱ በበሽተኛው ቁመት ልክ ይደረግ ነበር። ዣክ መርሲዬ የተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ ዕድሜውን በዚህ ጥናት ላይ አሳልፏል፤ በ1997ም በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ የፈውስ ሥዕሎች ኤግዚቢሽን ቀርቧል። ክታብ ወባን እንደማይፈውስ ለአንባቢያችን መንገር አያሻም። ለአንድ ሰው ብቻ ታስቦ፣ በእርሱ ቁመት ተለክቶ የተሠራ ነገር በአልጋው አጠገብ መኖሩ ግን፣ በቁጥር ብቻ ለሚጠራ የዛሬ በሽተኛ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደሚሆን እናስባለን።

ያሬድ ወደ ሰሜን ተራራ ወጣ። በዚያ ብርድ በጾምና በጸሎት ተወስኖ ደቀ መዛሙርቱን እያስተማረ ኖረ። ግንቦት 11 ቀን እንደ ተሰወረ ይታመናል፤ ዓመቱንም 571 ዓ.ም. ይሉታል። ስለ ቁስሉ ከዚያ በኋላ የተነገረ ነገር የለም።

የደረሳቸው መጻሕፍት አምስት ናቸው፤ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት። ዝማሬን የደረሰው ከአባ አረጋዊና ከንጉሡ ጋር በጋይንት ዙር አምባ በቆየ ጊዜ ነው ይባላል፤ ዙር አምባም እስከ ዘመናችን የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆኖ ኖሯል። ከአምስቱ ውስጥ ለዛሬው ነገራችን የሚቀርበው መዋሥዕት ነው፤ የሚዜመው በሞት ጊዜ ነውና። ያሬድ ዜማውን ለጤነኛውና ለበዓል ብቻ አልደረሰም፤ የሐኪም እጅ ከቆመበት በኋላ ላሉት፣ ለሟቹና ለቤተሰቡ፣ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ተወላቸው። ዛሬ በሆስፒታሎች ውስጥ መዳን ለማይችለው በሽተኛ የሚሰጥ የማስታገሻ እንክብካቤ የተባለ የሕክምና ክፍል አለ። ሐሳቡ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር።

ዜማው በወረቀት ላይ ምልክት ያገኘው ያሬድ ከኖረበት ዘመን ወደ አንድ ሺህ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ከግራኝ ጦርነት በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት የመሳሰሉትን ምልክቶች እንደ ሠሩ ይነገራል። እስከዚያ ድረስ መጽሐፉ የሰው ጉሮሮ ነበር። ዛሬም ቢሆን ዜማ በምልክት ብቻ አይማሩትም፤ የድጓ ተማሪ በጋይንት ቤተ ልሔም፣ የቅዳሴ ተማሪ ከላስታ በማይርቀው በዋድላ ሰለልኩላ፣ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ዓመታት ይፈጃል።

በላስታ ንጉሥ ስም የሚጠሩ ሌሎች አዜማሪዎችም አሉ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዘፈኑ ምጽዋት የሚቀበሉትን ላሊበላዎች ሰምቷል። ይህን ዘፈን ካቋረጡ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚል እምነት ለብዙ ትውልድ አብሯቸው ኖሯል። ድምፃቸውን እንወዳለን፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ዜማ ከመጠኑ ያለፈ ሸክም ተጭኖበታል። የሥጋ ደዌ መነሻ ጀርም መሆኑን ሐንሰን የተባለው የኖርዌይ ሐኪም በ1873 አግኝቶታል፤ ከ1981 ወዲህ በዓለም ጤና ድርጅት ምክር በሚሰጡ የተቀናጁ መድኃኒቶች በሽታው ፈጽሞ ይድናል። ዘፈን አያመጣውም፤ ዘፈን አይከለክለውም። አካሉ የደነዘዘበት ሰው ዜማ ሲሰማ ቢውል ጣቱን ያጣል። የያሬድ እግር ሕመም ሳይሰማው ደሙ ይፈስ እንደ ነበረ አንርሳ፤ ሕመም አለመሰማት ብቻውን ጤና አይደለም።

ይህ ነገር በጸበልም ዙሪያ ታይቷል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በተስፋፋበት ጊዜ ብዙ ሰዎች ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል ሲሄዱ መድኃኒቱን አቋርጠው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ ኀጢአት እንዳልሆነ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ ተናገሩ። ገብረ መስቀል ዜማው ካለቀ በኋላ ጦሩን ነቀለ እንጂ ያሬድ ሌላ ዜማ እንዲጨምርለት አልጠየቀም።

አሁን ወደ ገነተ ማርያሙ ሽማግሌ እንመለስ። ከደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲያቃስቱ ለበዓሉ ከመጡት ሰዎች መካከል አንዲት ወጣት የጤና ሠራተኛ ቀርባ እጃቸውን አየች። ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበር። ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ብትለምናቸው ሽማግሌው መጀመሪያ እንቢ አሉ፤ በዓሉን ትተው መሄድ ደስ አላላቸውም። ሌሊቱን አብሯቸው የቆመ አንድ ደብተራ እኔም አብሬ እሄዳለሁ ሲል ተነሡ። እኛም ተከተልን።

በጤና ጣቢያው ወጣቷ እጇን ታጥባ፣ ጨርቁን በንጹሕ የጨው ውሃ እያራሰች ቀስ በቀስ ታላቅቅ ጀመር። ማስታገሻ ሰጥታቸው ነበር፤ ገና አልያዘላቸውም። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው በአራራይ ጀመሩ። መጀመሪያ ትስባለች፣ እሳቸውም ይጮኻሉ፤ እንደገና ትስባለች፣ እንደገና ይጮኻሉ። ጥቂት ቆይታ ግን አንድ ነገር ሲገባት አየን። ድምፃቸው ረዝሞ በሚወጣበት ጊዜ ትስባለች፤ ትንፋሽ ለመውሰድ ሲያቆሙ እሷም እጇን አቁማ ትጠብቃለች። አንድ ጊዜ ሕመሙ አሸንፏቸው ቃሉ ጠፋባቸው፤ ከበሩ አጠገብ የቆመው ደብተራ ወዲያው አነሣላቸው፤ እሳቸውም ከእርሱ ተቀበሉ። የመጨረሻው የጨርቅ ቁራጭ ሲላቀቅ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተቋረጠም፤ ወጣቷም ፋሻውን ጠቅልላ እስክትጨርስ ድረስ ደብተራው ከበሩ አልተነቃነቀም።